የተረፈውን ቁርስራሽ መሰብሰብ፦ በስደት ሆኖ የተቋረጠን ትምህርት ስለ መፈጸም



ከጥቂት ወራት በፊት፣ በያስ ደሴት ከሚገኙት ምግብ ቤቶች በአንዱ በአስተናጋጅነት የምትሠራ አንዲት እኅት፣ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ሕዝቡ እስኪበተን ጠብቃ ወደ እኔ ቀረበች። ከቦርሳዋ ስልኳን አውጥታ አንድ ማስታወቂያ አሳየችኝ። ማስታወቂያው፣ ከዚህ በፊት የተማረችው ትምህርትና ያካበተችው የሥራ ልምድ ተቆጥሮላት የውጭ አገር ዲግሪ በሦስት ወር ውስጥ እጇ እንደሚገባ ይናገራል፤ ክፍያው 7,500 ድርሃም ነው። እርሷ ለእናቷ ከምትልከው እየቀነሰች በሁለት ዓመት ያጠራቀመችው 9,000 ድርሃም ነበር። በአገር ቤት ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው በጦርነቱ ምክንያት ያቋረጠችው የሒሳብ አያያዝ ትምህርት አላት። የጠየቀችኝ ጥያቄ አጭር ነበር፦ «አባ፣ ያ ሁሉ የተማርኩት ውሃ በልቶት ቀረ ማለት ነው?»

ይህ ጥያቄ የእርሷ ብቻ አይደለም። በሙሳፋህ የሠራተኞች መኖሪያ፣ በአል ዓይን የጥበቃ በሮች ላይ፣ በአቡ ዳቢ ቤቶች ማድ ቤት ውስጥ ትምህርታቸውን በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ዓመት ጥለው የመጡ ብዙዎች አሉ። አንዳንዶቹ በ2012 ዓ.ም. መጋቢት በወረርሽኙ ምክንያት ወደ ቤታቸው ተሸኝተው ዳግመኛ ወደ ትምህርት ገበታ ያልተመለሱ ናቸው። አንዳንዶቹ ከ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ጀምሮ ጦርነቱ ከትግራይ ዩኒቨርሲቲዎች ያፈናቀላቸው ናቸው። ሌሎቹ በ2014 ዓ.ም. ውጊያው ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲም ንብረት ሲዘረፍ፣ የተበተኑ ናቸው። የሚበዙት ግን ጦርነት ሳያባርራቸው አባት ሲሞት፣ እናት ስትታመም፣ የታናናሾች ቀለብ ሲያልቅ ደብተራቸውን ዘግተው ፓስፖርት ያወጡ ናቸው። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ የጀመርኩት ነገር ዋጋ አለው ወይስ የለውም?

በዚህ ጉዳይ አስተያየቴን ከመስጠቴ በፊት ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር ይገባኛል። ከዓመታት በፊት በአል ዓይን በጥበቃ ሥራ ላይ የነበረ አንድ ወንድም ይህንኑ ጠይቆኝ ነበር። እኔም፣ «ወንድሜ፣ የመጣኸው ለሥራ ነው፤ ቤተሰብህን እርዳ፣ ትምህርቱ አገርህ ስትገባ ይደርሳል» አልኩት። ቃሌን እንደ ካህን ቃል አክብሮ ተቀበለ። ዛሬም በዚያው በር ላይ ቆሟል፤ አገሩም አልገባም። ሥራው ክቡር ነው፤ በሥራው አላፍርበትም። የማፍረው በምክሬ ነው። ስንት ኮርስ እንደጨረሰ አልጠየቅሁትም። የት ሊቆጠርለት እንደሚችልም አላጣራሁም። ያለ እውቀት የተሰጠ ምክር፣ በየዋህነት ቢሰጥም፣ የሰው ዕድሜ ያስከፍላል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በከፊል ያንን ዕዳ ለመክፈል ነው።

አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ። በስደት ያለ ምእመን ቀድሞ በላቡ ያገኘውን ትምህርት እንደ ሞተ ነገር መቁጠር የለበትም። ሊሰበሰብ ይችላል፤ ሊቀጥልም ይችላል። ነገር ግን መሰብሰብ ራሱ ሥራ ነው፤ ያለ ሥራ የሚገኝ ዲግሪ የሚሸጥለት ሰው ደግሞ እየተዘረፈ ያለ ሰው ነው። ጌታ አምስት ሺሁን ሕዝብ ከመገበ በኋላ ለደቀ መዛሙርቱ ምን እንዳዘዛቸው ታስታውሳላችሁ። በአንድ ቃል እንጀራ ማብዛት የሚችለው ጌታ የተረፈውን ፍርፋሪ አልናቀም፤ አንዳች እንዳይጠፋ እንዲለቅሙት አደረገ። ዐሥራ ሁለት መሶብ ሞላ። መሶቡን ግን ጎንበስ ብለው የለቀሙትና የተሸከሙት ደቀ መዛሙርቱ ናቸው።

እስቲ በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንረዳው። በትምህርት ቤቶች «ክሬዲት» የሚባለው አንድ ተማሪ የሠራው ሥራ መለኪያ ነው። በአሜሪካው አቆጣጠር አንድ ክሬዲት ማለት ለአንድ ሴሚስተር በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ሰዓት ደግሞ በግል ጥናት ማለት ነው፤ ሲደመር ወደ 45 ሰዓት ያህል ይሆናል። የመጀመሪያ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ይጠይቃል። በአውሮፓው አቆጣጠር፣ በአገራችንም ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በተቀበሉት ኢሲቲኤስ በሚባለው፣ አንድ ሙሉ ዓመት 60 ነጥብ ነው። በእንግሊዝ አገር አንድ ዓመት 120፣ ሙሉው ዲግሪ 360 ነው። ስለዚህ ውጤቱን ወደ አሜሪካ ተቋም የላከ ሰው ቁጥሩ በግማሽ ያህል ቀንሶ ቢመለስለት አይደንግጥ፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ኢሲቲኤስ እንደ አንድ የአሜሪካ ክሬዲት ስለሚታይ፣ የተለወጠው መስፈሪያው ነው እንጂ እህሉ አይደለም።

ከአንዱ ትምህርት ቤት የተገኘን ክሬዲት ሌላው ትምህርት ቤት መቀበሉ አዲስ ነገር አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1971 በኒውዮርክ ዛሬ ኤክሴልሲየር የሚባለው፣ በ1972 በኒውጀርሲ ዛሬ ቶማስ ኤዲሰን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚባለው፣ በ1973 በኮነቲከት ቻርተር ኦክ የተመሠረቱት ለዚሁ ነው፦ በሥራ፣ በውትድርና፣ በትዳር ምክንያት ትምህርታቸው በየቦታው የተበታተነባቸው ጎልማሶች ያላቸውን አሰባስበው ዲግሪ እንዲፈጽሙ። በእንግሊዝ አገር በ1969 የተቋቋመው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ክሬዲትን መርምሮ የሚቀበልበት ሥርዓት አለው። ከ2009 ጀምሮ የሚሠራው፣ በ2014 በአሜሪካ ዕውቅና ያገኘው ዩኒቨርሲቲ ኦቭ ዘ ፒፕል ደግሞ የመደበኛ ትምህርት ክፍያ ሳይጠይቅ በየኮርሱ የምዘና ክፍያ ብቻ ያስከፍላል፤ ዓመቱንም ዘጠኝ ዘጠኝ ሳምንት ባላቸው አምስት ክፍለ ጊዜያት ይከፍለዋል። እነዚህን የምጠቅሰው ለአንዳቸውም ማስታወቂያ ልሠራ ሳይሆን፣ መንገዱ በእውነት መኖሩን እንድታውቁ ነው።

መንግሥታትም በዚህ ላይ ተስማምተዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 በራሳችን ከተማ በአዲስ አበባ፣ የአፍሪካ አገሮች አንዳቸው የሌላውን የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃና ከፊል ጥናት የሚያውቁበት ስምምነት ተቀባይነት አገኘ፤ «የአዲስ ስምምነት» ተብሎም ይጠራል፤ በ2019 ሥራ ላይ ዋለ። በዚያው በ2019 ዩኔስኮ ተመሳሳይ ዓለም አቀፍ ስምምነት አጸደቀ፤ እርሱም ከ2023 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ስምምነት ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ትእዛዝ አይሆንም። ነገር ግን ሰው ድንበር ሲሻገር እውቀቱን ጉምሩክ ላይ ጥሎ እንዲያልፍ መገደድ እንደሌለበት ዓለም በመርህ ደረጃ ተቀብሎታል ማለት ነው።

«የርቀት ትምህርት ትምህርት አይደለም» የሚሉ ወንድሞች እንዳሉ አውቃለሁ። ንግግራቸው ከባዶ አልተነሣም፤ በአገራችን የጥራት ጉድለት በመብዛቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2010 የርቀት ትምህርትን እስከ ማገድ ደርሶ እንደ ነበር እናስታውሳለን። ነገር ግን የአንዳንዶች ጉድለት የመንገዱ ሁሉ ጉድለት አይደለም። ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1940 ከፎርት ሄር በተማሪዎች ተቃውሞ ምክንያት ሳይመረቁ ወጡ። ጆሃንስበርግ ከተማ ውስጥ እየሠሩ ቀሪውን በደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ ዛሬ ዩኒሳ በምንለው፣ በመልእክት ልውውጥ ጨርሰው በ1943 ተመረቁ። በዚያው ዓመት የጀመሩትን የሕግ ዲግሪ ሳይፈጽሙ ተዉት፤ በ1962 ኢትዮጵያ መጥተው ኮልፌ ላይ ወታደራዊ ሥልጠና ወሰዱ፤ ከዚያ ወኅኒ ወረዱ፤ ከወኅኒ ሆነው በለንደን ዩኒቨርሲቲ የርቀት ሥርዓት ተማሩ። በመጨረሻ የሕግ ዲግሪያቸውን በ1989 ገና ከእስር ሳይፈቱ ከዩኒሳ ተቀበሉ፤ ዕድሜያቸው ሰባ ሞልቶ ነበር። በ1943 የተጀመረ በ1989 ተፈጸመ። ይህን ሰው «አልተማረም» የሚለው ማን ነው?

ዩኒሳ ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ ከ2007 ጀምሮ በአዲስ አበባ አቃቂ ማእከል ከፍቶ ብዙ የዩኒቨርሲቲ መምህራኖቻችንን በማስተርስና በዶክትሬት ደረጃ አስተምሯል። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ፣ ስለ ፖለቲካቸው የየራሳችን አስተያየት ቢኖረንም፣ የሕክምና ትምህርታቸውን በወጣትነታቸው አቋርጠው ጫካ ከገቡ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1995 ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በቢዝነስ አስተዳደር የማስተርስ ዲግሪ አግኝተዋል፤ ያውም የአገር አመራር በእጃቸው ሳለ። የአገር መሪ በርቀት ተምሮ ካላፈረ፣ አስተናጋጇና ጥበቃው የሚያፍሩበት ምክንያት አይታየኝም።

ከቤተክርስቲያን ቤት አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ2010 ኢየሱሳውያን በኬንያ ካኩማና በማላዊ ዳለካ የስደተኞች ሰፈሮች የከፍተኛ ትምህርት ጀመሩ። በዴንቨር የሚገኘው ሬጂስ ዩኒቨርሲቲ በበይነ መረብ ያስተምር ነበር፤ ፈጽመው የወጡት የ45 ክሬዲት ዲፕሎማ ይቀበሉ ነበር። ካኩማ የኢትዮጵያ ልጆችም ለዓመታት የተጠለሉበት ሰፈር ነው። ድንኳን ውስጥ፣ መብራት በሚቆራረጥበት፣ ምግብ በካርድ በሚታደልበት ቦታ ይህ ተችሏል። እኛ ያለንበት አገር መብራቱም መስመሩም የተሟላ ነው፤ የሚያንሰን ሌላ ነገር ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ሌላው ጠርዝ እንሂድ፤ አደጋው ያለው እዚያ ነውና። ያቺ እኅት ያሳየችኝ ማስታወቂያ ትምህርት የሚሰጥ አልነበረም። ፈተና የለውም፤ መምህር የለውም፤ «የሥራ ልምድ» በሚል ስም ወረቀት ይሸጣል። የዚህ ዓይነቱ ንግድ ስፋት በ2015 ዓለም ሁሉ አይቶታል፤ ኒውዮርክ ታይምስ በካራቺ የሚገኝ አክዛክት የተባለ ድርጅት በሌሉ ዩኒቨርሲቲዎች ስም ዲግሪ ይሸጥ እንደ ነበር በሰፊው ዘግቧል፤ ከገዢዎቹም ብዙዎቹ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ነበሩ። የታለሉት ሁሉ ክፉዎች አልነበሩም። የሚበዙት እንደ እኛ እኅት «የተማርኩት ይቆጠርልኝ» የሚል ቅን ምኞት የነበራቸው ናቸው። ሌባው የሚገባው በዚያ በቅን ምኞት በር ነው። ሐሰተኛ ማስረጃ ለአሠሪ ማቅረብ ደግሞ በዚህ አገር ወንጀል ነው፤ ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን የመኖሪያ ፈቃዱም ነፃነቱም ሊሄድ ይችላል። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ሐሰት ነው፤ በየዕለቱ በስማችን ፊት የምንሸከመው ሐሰት።

እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለመለየት ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው፦ ማን ያውቀዋል? ትምህርት ቤቱ «ዕውቅና አለኝ» ማለቱ አይበቃም፤ ዕውቅናውን የሰጠው አካል ራሱ በመንግሥቱ ዘንድ የታወቀ መሆን አለበት። ሐሰተኞቹ ሐሰተኛ ዕውቅና ሰጪም ፈጥረዋልና። ቀጥሎ፣ ዲግሪውን ልትሠሩበት ያሰባችሁት አገር ይቀበለዋልን? በኤምሬትስ የውጭ ዲግሪን የሚመረምረው የከፍተኛ ትምህርትና ሳይንሳዊ ምርምር ሚኒስቴር ነው፤ በርቀት የተገኘን ማስረጃ በሚመለከት የራሱ መስፈርት አለው። በአገር ቤት የአቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ሁለቱንም አንድ ድርሃም ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ከከፈሉ በኋላ መጠየቅ ከብቱ ከጠፋ በኋላ በረቱን እንደ መዝጋት ነው።

ሁለተኛው፦ ምን ያህሉ ይቆጠራል? እውነተኛ ትምህርት ቤት ሁሉንም እቀበላለሁ ብሎ በስልክ ቃል አይገባም፤ ከተማራችሁበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የተላከ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ይጠይቃል። አንዳንዱም እ.ኤ.አ. በ1974 እንደ ተቋቋመው ደብሊው ኢ ኤስ ባሉ ገምጋሚ ድርጅቶች ኮርስ በኮርስ እንዲመዘን ያዛል። ብዙ ጊዜ ከ«ሲ» በታች የሆነ ውጤት አይቆጠርም፤ ከአዲሱ ትምህርት መስክ ጋር የማይገጥም ኮርስም ሊቀር ይችላል። ብዙዎቹ ቢያንስ ሩቡ፣ ማለትም ከ120ው 30ው፣ በእነርሱ ዘንድ እንዲወሰድ ይጠይቃሉ። ሁሉን የሚቀበል፣ ምንም የማያስተምር ካጋጠማችሁ ሽሹ።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሰናክል አንድ የአገር ቤት ጉዳይ አለ፤ እርሱም የወጪ መጋራት ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው፣ ያቋረጠም ቢሆን፣ የድርሻውን ወጪ ሊከፍል ይገደዳል፤ ይህ ሳይጠናቀቅ ኦፊሻል ማስረጃ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ዕዳው ግን ብዙዎች እንደሚፈሩት አይደለም፤ በብር የተሰላ ስለሆነ በድርሃም ለሚያገኝ ሰው በጥቂት ወራት የሚከፈል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አስቀድማችሁ በአገር ቤት ያለ የምታምኑትን ሰው ወደ ሬጅስትራር ልካችሁ ስንት እንደሆነ አስጠይቁ። ትምህርታችሁ በእንግሊዝኛ እንደ ነበር የሚገልጽ ደብዳቤም አብሮ ቢወጣ መልካም ነው፤ አንዳንድ ተቋማት በቋንቋ ፈተና ፈንታ ይቀበሉታል።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ የሚከብደው ነው፦ ጊዜውንና ጉልበቱን ከየት ታመጣዋለህ? ጌታ ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ አስተምሮናል። እናስላ። አንድ የሦስት ክሬዲት ኮርስ 135 ሰዓት ያህል ሥራ ነው፤ በዘጠኝ ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 15 ሰዓት ይሆናል። በሳምንት ስድስት ቀን በእግሯ ቆማ ለምትሠራ ሴት 15 ሰዓት ትልቅ ነገር ነው። ሁለት ኮርስ አንድ ላይ ከሆነ 30 ሰዓት ነው፤ ይህ ለአብዛኞቻችሁ አይቻልም፤ እንዲቻል የሚያስመስልላችሁን አትስሙ። አንድ ኮርስ ግን ይቻላል። በዓመት አምስት ኮርስ፣ ዐሥራ አምስት ክሬዲት። ለ60 ክሬዲት አራት ዓመት። አራቱ ዓመት ተማራችሁም አልተማራችሁም ያልፋል።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አልሸሽም። «አባ፣ ይህ የዕረፍት ቀን ላለው ነው፤ እኔ ሰው ቤት ያለሁት ምን ልሁን?» የምትል እኅት አለች። እውነቷን ነው። በ2022 የወጣው የዚህ አገር የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ድንጋጌ ቁጥር 9፣ በሳምንት አንድ የሚከፈልበት የዕረፍት ቀን፣ በቀንም ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚህ ውስጥ 8 ሰዓት ያልተቆራረጠ እንዲሆን ያዛል። ሕጉን ማወቅ መብትን በትሕትና ለመጠየቅ ያስችላል። ነገር ግን ሕጉ በየቤቱ እኩል እንዳልተፈጸመ እናውቃለን። ለእንዲህ ዓይነቷ እኅት የምለው፣ ትምህርት ካልቻልሽ ከሰው አታንሺም ነው። ክብራችን ከእግዚአብሔር አምሳል የተገኘ እንጂ ከሬጅስትራር ማኅተም የተገኘ አይደለም። ዲግሪ መልካም መሣሪያ ነው፤ የሰው ዋጋ መለኪያ ከሆነ ግን ጣዖት ሆኗል። ዲግሪ ለማግኘት ብሎ ጤናውን የሚያጠፋ፣ ትዳሩን የሚረሳ፣ ጸሎቱን የሚተው ሰው ግንቡን የሠራው ቤቱን አፍርሶ ነው።

ከላይ «የሚያንሰን ሌላ ነገር ነው» ያልኩት ይህ ነው፦ የሚያንሰን እርስ በርስ መደጋገፍ ነው። በካኩማ ያሉት አብረው ይቀመጡ ነበር። እኛ ግን ለሠርግና ለልቅሶ ያለንን ትብብር ለትምህርት አላዋልነውም። ለማኅበሮቻችን በጣም ቀላል ነገሮችን እጠይቃለሁ። ዲግሪያችሁን የያዛችሁ፣ በሆስፒታል፣ በባንክ፣ በሆቴል አስተዳደር የምትሠሩ፣ በወር አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ተቀምጣችሁ የሌላውን የማመልከቻ ቅጽ አንብቡለት። ላፕቶፕ የለወጣችሁ አሮጌውን አትሽጡት። ሰፊ ክፍል የተከራያችሁ፣ በአንድ ክፍል ስድስት ሰው ለሚያድርበት ተማሪ በፈተናው ሳምንት ጥግ ስጡት። እቁብ የምትጥሉ፣ የመጀመሪያውን ዕጣ ለትራንስክሪፕትና ለግምገማ ክፍያ ለሚያስፈልገው ሰው ልቀቁለት።

በአገር ቤት ላላችሁ ቤተሰቦችም፣ ይህ ጽሑፍ ቢደርሳችሁ፣ አንድ ቃል አለኝ። ልጃችሁ ከምትልከው ላይ ለጥቂት ወራት የተወሰነ ቢጎድል አትቆጡ። ለቤቱ ቆርቆሮ፣ ለአጎት ልጅ ሠርግ የሚሆነውን ስትጠይቋት፣ እርሷም አንድ ጊዜ የናንተ ተማሪ እንደ ነበረች አስታውሱ። ዩኒቨርሲቲው ከተማ ድረስ ሄዶ ማስረጃዋን የሚያወጣላት አንድ ወንድም ብታገኝ፣ ከገንዘብ የሚበልጥ ስጦታ ነው።

ወደ ያስ ደሴቷ እኅት ልመለስ። ያን ዕለት፣ «ልጄ፣ ገንዘብሽን ያዢ፤ ለአንድ ወር አትክፈዪ፤ እኔም አንቺም እንጠይቅ» አልኳት። ጠየቅን። በጤና ቢሮ የሚሠራ አንድ ምእመን የማስታወቂያውን ተቋም ስም ፈልጎ የትም የማይታወቅ መሆኑን አገኘ። ታናሽ ወንድሟ ወደ ሬጅስትራር ሁለት ጊዜ ተመላለሰ፤ በመጀመሪያው «ኃላፊው የለም» ተብሎ ተመለሰ። ዕዳዋን ከፈለች፤ ማስረጃዋ ወጣ። 148 ኢሲቲኤስ ነበራት፤ ወደ 74 ክሬዲት ተለወጠ፤ ከዚያ ውስጥ 63ቱ ተቀባይነት አገኘ። ዐሥራ አንዱ ቀረ፤ ስለ እርሱም አለቀሰች። የቀራት 57 ክሬዲት፣ ዐሥራ ዘጠኝ ኮርስ ነው፤ በአንድ አንድ ኮርስ ወደ አራት ዓመት ይወስድባታል።

አሁን የመጀመሪያውን ኮርስ ይዛለች። ከሥራ መልስ በአውቶቡስ ላይ ታነባለች፤ አንዳንድ ሌሊት መጽሐፉ ደረቷ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ይወስዳታል። ትጨርሳለች ብዬ ቃል ልገባላችሁ አልችልም፤ ሕመም አለ፣ የሥራ ውል መቋረጥ አለ፣ የቤት ጥሪ አለ። የማውቀው ግን ጥያቄዋ መልስ ማግኘቱን ነው። ስድሳ ሦስቱን ክሬዲት ውሃ አልበላቸውም፤ በስሟ ተመዝግበዋል።

በአል ዓይን ያለውን ወንድሜንም ባለፈው ሳምንት ደወልኩለት። ይቅርታ ጠየቅሁት። ከዚያም በዚያን ጊዜ መጠየቅ የነበረብኝን ጥያቄ ጠየቅሁት፦ «ስንት ኮርስ ጨርሰህ ነበር?» ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። «አባ፣ ወረቀቱ እናቴ ሣጥን ውስጥ ነው፤ አስፈልጌ እነግርዎታለሁ» አለኝ። እየጠበቅሁ ነው።

እናንተም በእናታችሁ ሣጥን ውስጥ ያለውን ወረቀት አስፈልጉ። እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክ፤ የጀመራችሁትንም ለመፈጸም ኃይሉን ይስጣችሁ። አሜን።